ከፊቱ ሬት፣ ከጀርባው ሰልፌት

አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሲገቡ መድኃኒቱ የሚገኘው ከኋላ ነው። ደንበኛው ቸኮሌቱን፣ የልደት ካርዱን፣ ካልሲውንና ጃንጥላውን አልፎ፣ የውበት ዕቃ የተደረደረበትን መተላለፊያ ጨርሶ ነው ፋርማሲስቱ ጋ የሚደርሰው። ብዙ ሰው እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናትና ልጃቸው የሻምፖ መደርደሪያ ፊት ቆመዋል። መደርደሪያው አትክልት ተራ ይመስላል፦ ኮኮናት፣ አቮካዶ፣ ሮዝመሪ፣ ማር፣ ናና። ጠርሙስ ሁሉ ላይ ወይ ቅጠል፣ ወይ አበባ፣ ወይ ለሁለት የተገመሰ ፍሬ ተስሏል።

እናትየዋ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ አንስተው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት።

«ይሄማ ሬት ነው! እኛ ጓሮ አጥር ሥር የሚበቅለው ሬት!»

ልጅቷ ተቀብላ ገለበጠችው። ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«እማዬ፣ ሬቱ እኮ እዚህ ታች ነው። ከጨውም ከሽቶውም በኋላ።»

«ጨው? ፀጉር ላይ ጨው ምን ይሠራል?»

«እንዲወፍር ነው። አለዚያ ይፈስሳል።»

እናትየዋ ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱ። ደገሙት። «ይሁን፤ ደስ ይላል» አሉና ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱት።

የልጅቷ ክርክር በኬሚስትሪ ልክ ነው። ይህን ገበያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያቆመው ግን የእናትየዋ አፍንጫ ነው።

*

ነገሩ የተጀመረው በ1971 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የአሜሪካ ወጣት ልቡ ወደ ጫካ አዘንብሏል። የመጀመሪያው የምድር ቀን የተከበረው ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ ወንድ ሴቱ ፀጉሩን አስረዝሟል፤ ፋብሪካ የሚባለው ነገር መወደሱ ቀርቶ መወገዝ ጀምሯል። ክሌሮል በፀጉር ቀለም የሚታወቅ፣ ከ1959 ጀምሮ የብሪስቶል ማየርስ ንብረት የሆነ ኩባንያ ነበር። በዚያ ዓመት ኸርባል ኤሰንስ የሚባል ሻምፖ አወጣ። ፈሳሹ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ፤ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ ረጅም ፀጉሯን የለቀቀች ልጃገረድ በአበባ ተከባ ትታያለች።

ከዚያ በፊት ሻምፖ የሚሸጠው በሳይንስ ስም ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1930ዎቹ አጋማሽ ድሪን የተባለውን ሻምፖ ሲያወጣ ትልቁ ኩራቱ ሳሙና አለመሆኑ ነበር። ሳሙና ማዕድን በበዛበት ውሃ ሲታጠቡበት ፀጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ በላቦራቶሪ የተሠራው ማጽጃ ግን አይተውም። ለዚያ ዘመን ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ክሌሮል አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሥዕሉንና ሽታውን ለወጠ እንጂ አጣቢውን አልለወጠም። ልጃገረዷ ጫካ ገባች፤ ማጽጃው ያው የላቦራቶሪው ልጅ ነው።

የሚገርመው ተጠቃሚው በዚህ ብዙም አለመቆጣቱ ነው። በሰባዎቹ በዚያ አረንጓዴ ሻምፖ የታጠቡ ሴቶች ዛሬ አያት ሆነውም የሚያነሱት ስለ ፀጉራቸው ልስላሴ አይደለም፤ ስለ መዓዛው ነው። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ፣ ትዝታና ስሜት ወደሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ነው የሚገባው። የሽቶ ባለሙያዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። የሻምፖ ሽቶ ሲቀምሙ ሰው የሚያሸትበትን እያንዳንዱን ቅጽበት ለየብቻ ያስቡለታል፦ ሱቅ ውስጥ ክዳኑ ሲከፈት፣ ሻወር ውስጥ ከእንፋሎቱ ጋር ሲነሳ፣ ፀጉሩ ርጥብ ሳለ፣ በማግስቱም ደርቆ ሲነሰነስ። መደርደሪያ ፊት ቆመው ክዳን የከፈቱት እናት ለመጀመሪያው ቅጽበት የተሠራውን ነው ያሸተቱት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ብራንዱ እንደገና ነፍስ ሲዘራ ማስታወቂያው ይህንኑ ያዘ፤ እንዲያውም አጋነነው። ሴቲቱ ሻወር ውስጥ ፀጉሯን እያሸች የምታሰማው ድምፅ ቤተሰብ ተሰብስቦ ለሚያየው ቴሌቪዥን የሚያሳፍር ነበር። የወሲብ አማካሪዋ ዶክተር ሩት ዌስትሃይመር ሳይቀሩ አንዱ ማስታወቂያ ላይ ብቅ ብለዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ስለ ካሞሚል አበባ የተነገረውን አይደለም።

ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ2001 ክሌሮልን በ4.95 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ይህ ሻምፖ አብሮ ሄደ። በ2006 ገደማ ጠርሙሱም ስሙም ቀለሙም ለወጣቶች ተብሎ ተቀየረ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2013፣ የ1990ዎቹ ጠርሙሶችና መዓዛዎች ተመልሰው ገበያ ወጡ። የድሮ ደንበኛ ከፋብሪካ ላይ የሚያነሳው ትልቁ ቅሬታ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዕፅዋቱ አነሰ አይልም፣ ያ ሽታ የት ሄደ ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከተፈጥሮ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ለተጠቃሚው ግን ከማናቸውም ቅጠል ይበልጣል። ሱማይራ ላቲፍ የምትባል፣ ዓይነ ስውር የሆነች የኩባንያው ሠራተኛ ሻወር ውስጥ ሻምፖውንና ኮንዲሽነሩን መለየት እንደሚያስቸግራት ተናግራ፣ ከ2019 ጀምሮ በሻምፖው ጠርሙስ ጀርባ ግርጌ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች፣ በኮንዲሽነሩ ላይ ደግሞ ከፍ ያሉ ክቦች ተደረጉ። በጣት ይዳሰሳሉ። ዓይኑ ውስጥ አረፋ የገባበትም ሰው ይጠቀምባቸዋል።

*

አሁን ጠርሙሱን እንገልብጠው።

በአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃ ጀርባ ላይ የይዘት ዝርዝር መጻፍ ግዴታ የሆነው ከ1977 ወዲህ ነው። አረንጓዴው ሻምፖ ሲወለድ ሕጉ ውስጡ ያለውን እንዲዘረዝር አያስገድደውም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዝርዝሩ በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ይወርዳል። አንድ ቀዳዳ ግን አለው፤ መጠናቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑትን አምራቹ እንደፈለገ ማስቀደምና ማስከተል ይችላል። ስለዚህ ከ1 በመቶ በታች ከሆኑት ሁሉ ያማረ ስም ያለውን መርጦ ወደ ላይ ከፍ ቢያደርገው ማንም አይከሰውም።

የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ የአብዛኛው ሻምፖ ከ70 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ቀጥሎ አጣቢው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት። የዚህች ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ወዙን ይይዛል፣ ውሃ ወዳዱ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ሥራው አለቀ። ከዚያ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን የሚባል ለዘብተኛ አጋዥ አለ። ከዚያ ጨው፤ ልጅቷ እንዳለችው ፈሳሹን የሚያወፍረው የወጥ ቤቱ ጨው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግላይኮል ዲስቲያሬት ገብቶበታል፤ ፀጉር እንዲያብለጨልጭ ሳይሆን ሻምፖው ራሱ ሀብታም እንዲመስል ነው የሚጨመረው። ከዚያ ሽቶ፣ ማቆያ ኬሚካል፣ ጎምዛዛነቱን የሚያስተካክል ሲትሪክ አሲድ። ከዚያ በኋላ ነው ሬቱ በላቲን ስሙ ብቅ የሚለው።

ስንት እንደሆነ ለመገመት የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ፌኖክሲኤታኖል የሚባለው ማቆያ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው። ዝርዝሩ ላይ ይህ ስም ካለ፣ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ከ1 በመቶ የማይበልጥ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ጠርሙሱ ፊት ላይ መዳፍ የሚያህል ሥዕል የተሳለለት ተክል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ሠፈር ነው።

ያም ሆኖ ፋብሪካው ዋሸ ለማለት አይመችም፤ ነገሩ ከዚያ ይጠማዘዛል። «ከኮኮናት የተገኘ» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙዎች የሚሸሹት ሰልፌት ራሱ ከኮኮናት ወይም ከፓልም ፍሬ ዘይት ይሠራል። «ሶዲየም ኮኮ ሰልፌት» ተብሎ ሲጻፍ የዋህ ይመስላል፤ ባሕርዩ ግን ከሚፈራው ዘመዱ ብዙም አይርቅም። ኮኮናቱ ሻምፖው ውስጥ አለ፤ ብቻ እንደ ዘይት ሆኖ ሊያለሰልስ ሳይሆን ወደ ማጽጃ ተለውጦ ወዝ ሊያወጣ ነው የመጣው።

ደግሞ ፀጉር አይበላም። ከራስ ቆዳ የወጣው ክፍል ሕይወት የለውም፤ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በቫይታሚን አይመገብም፣ በአቮካዶ አይወፍርም። ሻምፖ ጭንቅላት ላይ የሚቆየው አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የተክል ጭማቂ አብዛኛው ከአረፋው ጋር ወደ ቱቦ ይወርዳል። ኮንዲሽነር የተሻለ ይቆያል፤ እሱም የሚቆየው በቅጠሉ ኃይል አይደለም፣ የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን የኮንዲሽነር ቅንጣቶች ስቦ ስለሚያስቀር ነው።

ዕፅዋት ፈጽሞ አይሠሩም ማለትም አይቻልም። በ2003 የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት ዘይት ፀጉር ውስጥ ዘልቆ በመግባት ፀጉሩ ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የሱፍ ዘይትና የማዕድን ዘይት ይህን አላደረጉም። ግን ያ ዘይት ነው፣ ራሱን ችሎ ፀጉር ላይ የተቀባ። ሻምፖ ውስጥ ከተንጠባጠበው ጋር ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

ያው አረንጓዴ ሻምፖ፣ ዛሬ ኸርባል ኤሰንስስ የሚባለው፣ በቅርብ ዓመታት በለንደን የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ዕፅዋቱን እንዳረጋገጡለት ጠርሙሱ ላይ ይጽፋል። ኪው የተከበረ ተቋም ነው። የሚያረጋግጠው ግን ተክሉ እውነተኛው ተክል መሆኑንና ጥራቱን ነው። ለእርስዎ ፀጉር ይበጃል አላለም፤ አንባቢ ግን እንደዚያ አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም።

*

ሕጉስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በመዋቢያ ዕቃ ላይ «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ትርጉም አልሰጠውም። ስለዚህ ማንም ይጽፈዋል። «ኦርጋኒክ» ላይ ካሊፎርኒያ ጠንከር ብላለች፤ በዚያ ስም የሚሸጥ መዋቢያ ቢያንስ 70 በመቶው ኦርጋኒክ እንዲሆን ትጠይቃለች። «ኦርጋኒክስ» ተብሎ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚሸጥ ታዋቂ ሻምፖ በዚህ ምክንያት ተከሰሰ፤ አምራቹ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ስሙም ኦጂኤክስ ሆነ። ስሙ ሲያጥር ዋጋው አልወረደም፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በ2016 ኩባንያውን የገዛው በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ሽቶው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በአሜሪካ ዝርዝር ላይ በአንድ ቃል፣ «ሽቶ» ተብሎ ብቻ ይጻፋል፤ ከሥሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ውሑዶች ሊኖሩ ይችላሉ። ሰው ከጠርሙሱ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ከዝርዝሩ ሁሉ በጣም የተሸፈነው ነው። አውሮፓ አለርጂ የሚያስነሱ 26 የሽቶ ውሑዶች በስማቸው እንዲጻፉ ካስገደደች ቆይታለች፤ በ2023 ቁጥሩን ከ80 በላይ አድርሳዋለች። ከእነዚህ ውስጥ ሊሞኒን ከሎሚና ብርቱካን ልጣጭ፣ ሊናሉል ከላቬንደር የሚገኙ ናቸው። አየር ሲያገኛቸው ይለወጡና ቆዳ ያስቆጣሉ። ከተክል መምጣታቸው ቆዳውን አያባብለውም።

ከዚህ ሁሉ ልብ የሚነካኝ የማቆያዎቹ ታሪክ ነው። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ይሻግታል፤ ሻወር ቤት ውስጥ በሙቀትና በእርጥበት የሚቀመጥ ሻምፖ ማቆያ ከሌለው በሳምንታት ውስጥ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ሥራ የሚሠሩት ፓራቤን የሚባሉት ነበሩ። በ2004 አንድ የብሪታኒያ ጥናት በ20 የጡት ዕጢ ናሙናዎች ውስጥ ፓራቤን ማግኘቱን ገለጸ። ካንሰሩን ፓራቤን አመጣው አላለም። ግን ወሬው ከጥናቱ ፈጠነ፤ ደንበኛው ፈራ፤ ፋብሪካዎችም «ፓራቤን የሌለበት» የሚለውን ጽሑፍ ከቅጠሉ ሥዕል ጎን ለጠፉ።

ምትክ መገኘት ነበረበት። ከተተኩት አንዱ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን፣ ባጭሩ ኤምአይ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። የቆዳ ሐኪሞች አንገቷ የቀላ፣ የዓይኗ ቆብ ያበጠ፣ ጆሮዋ ሥር የሚያሳክካት ሴት ደጋግመው ያዩ ጀመር፤ ሻምፖ ከራስ ላይ ሲታጠብ የሚፈስሰው በእነዚህ መንገዶች ነውና። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ኤምአይን የዓመቱ አለርጂ አስነሺ ብሎ ሰየመው። አውሮፓ ፊትና ገላ ላይ ተቀብቶ ከሚቆይ ነገር አገደችው፤ ታጥቦ በሚለቀቅ ነገር ውስጥም በሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነች። ያው ማኅበር በ2019 ደግሞ ፓራቤንን የዓመቱ አለርጂ የማያስነሳ ብሎ ሸለመው። ማሾፍ ይመስላል፤ አይደለም። ሴቲቱ ተፈጥሮን ብላ ያሳከካት ነገር፣ ሽሽቷ ራሱ ጠርቶ ያመጣው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካ ላይ መከመር አይሆንልኝም፤ ሰው የጠየቀውን ነው የሸጡለት። «ፓራቤን የሌለበት» ብሎ መጻፍ «በምትኩ ይህ ገብቷል» ብሎ ከመጻፍ ይቀላል፤ ገዥውም ሁለተኛውን አልጠየቀም።

ተጠቃሚው ቢጮህስ የሚሰማው አለ? ዌን የሚባለው የፀጉር ማጠቢያ ይህን ጥያቄ አደባባይ አውጥቶታል። በመድኃኒት ቤት ሳይሆን በቴሌቪዥን ነበር የሚሸጠው፤ ስሞቹ ለውዝ፣ ናና፣ ሮማን፣ በለስ ናቸው፤ የሚመካውም አረፋ ስለሌለው ነው። ፀጉራቸው በእፍኝ እየረገፈ ራሳቸው የተላጠ ሴቶች ቅሬታ አሰሙ። ኤፍዲኤ በቀጥታ የደረሱትን 127 አቤቱታዎች ይዞ ሲመረምር፣ የዌን ኩባንያዎች ራሳቸው ዘንድ ከ21,000 በላይ ቅሬታ ተቀምጦ አገኘ። ያንን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ በሕግ አልነበረባቸውም፤ ኤፍዲኤም ዕቃውን ከገበያ አስወጡ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ጉዳዩ ያለቀው በ26.25 ሚሊዮን ዶላር የካሳ ስምምነት ነው። በ2022 መጨረሻ የወጣው ሕግ ነው ይህን የለወጠው፤ ከባድ ጉዳት ሲደርስ አምራቹ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፣ ለኤፍዲኤም ዕቃ የማስመለስ ሥልጣን ይሰጣል። ከ1938 ወዲህ በመዋቢያ ዕቃ ላይ የመጣ ትልቁ ለውጥ ነው።

*

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አበሻ ግን ሌላም ጣጣ አለባት። ከላይ ያየናቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የተሠሩት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚታጠብ፣ ወዙ በፍጥነት ለሚወርድ ሉጫ ፀጉር ነው። የሚጠቀለል ፀጉር ላይ ግን የራስ ቆዳ ወዝ ጥምዝምዙን ተከትሎ እስከ ጫፍ አይደርስም፤ ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰበራል። በጠንካራ ሰልፌት በየቀኑ ቢታጠብ ገለባ ይሆናል። ስለዚህ መደርደሪያውን ይዛ ወደ ዳር፣ የጥቁር ሰው ዕቃ ወደተቀመጠበት ጥግ ትሄዳለች። እስከ 2020 ድረስ ያ ጥግ በብዙ ሱቆች በመስታወት ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፍ የያዘ ሠራተኛ መጥራት ግድ ነው። ዋልማርት፣ ሲቪኤስና ዋልግሪንስ ይህን ማድረግ እንደሚያቆሙ ያስታወቁት ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ ሰሞን ነው። ባለቅጠሉ ሻምፖ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሸተት፣ የእሷው በቁልፍ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ጥግ ንግሥናውን የያዘው ሺያ ሞይስቸር ነው። ታሪኩ ያምራል። ሪሸሉ ዴኒስ ላይቤሪያዊ ነው፤ አሜሪካ ትምህርቱን ሲጨርስ አገሩ ጦርነት ላይ ስለነበረች መመለሻ አጣ። በ1991 ከጓደኛው ጋር ሆኖ አያቱ በሴራሊዮን ገበያ ይሸጡት የነበረውን የሺያ ቅቤ ሙያ ይዞ ሐርለም ጎዳና ላይ መሸጥ ጀመረ። ከጎዳና መደርደሪያ ደረሰ። ጥቁር ሴቶች ከአፍ ወደ አፍ አስተላልፈው ያሳደጉት ብራንድ ነው፤ እያንዳንዷ እንደ ራሷ ልጅ ታየው ነበር።

በኤፕሪል 2017 ኩባንያው ስለ ፀጉር መጠላት የሚናገር ማስታወቂያ ሲያወጣ ከፊት የታዩት በአብዛኛው ነጭ ሴቶች ሆኑ። ቁጣው በአንድ ቀን ነደደ፤ ኩባንያው ማስታወቂያውን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዩኒሊቨር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ከድሮ ደንበኞች የሚሰማው ቅሬታ «ቅመሙን ቀየሩት፣ ቀጠነ፣ ድሮ እንደነበረው አይደለም» የሚል ነው። ቅመሙ ተቀይሮ ይሁን ቅያሜው ፀጉር ላይ ደርሶ፣ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። ደንበኛ ግን እጁ ላይ የሚይዘውን ውፍረት ያውቃል።

ሌላም ተደጋግሞ የሚሰማ አለ፤ «መጀመሪያ ተስማማኝ፣ አሁን ፀጉሬ ለመደው።» የሞተ ነገር አይለምድም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ ሲሊኮኑና ማለስለሻው በእያንዳንዱ እጥበት በትንሽ በትንሹ ይከመርና ፀጉሩ ይከብዳል፣ ውሃ እምቢ ይላል። አንድ ቀን ጠንከር ባለ ሻምፖ ቢታጠብ የመጀመሪያው ፍቅር ይመለሳል።

*

አገር ቤት ዕፅዋት ፀጉር ላይ የሚወጡት ሥዕል ሆነው አይደለም። አደስ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ለጋ ቅቤ ላይ ተለውሶ ነው። ግራዋ ለፎረፎር ይታሻል። በምሥራቁ አገር የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት፣ ቀሲል የሚሉት፣ በውሃ ተበጥብጦ ራስ ይታጠቡበታል፤ ውስጡ ሳፖኒን የሚባል፣ ራሱ አረፋ የሚያወጣ ነገር አለ።

እንዶድም ሳፖኒን ሞልቶታል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብለው ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ ይገድላታል። ለዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተሸልመዋል። ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ፣ ኬሚካል ያልነካው ማጽጃ ይኸውና፤ ዓሣም ይገድላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ይለበልባል። ጠርሙስ ላይ ሥዕሉ ቢወጣ ግን ያምር ነበር፤ ፍሬው ቀይ ነው።

አዲስ አበባ፣ አንድ የሰፈር ፀጉር ቤት። ዓርብ ስለሆነ ካስኩ ሁሉ ተይዟል፣ የፔስትራው ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ሁለት ቀን በቅቤ የከረመ ራሳቸውን በሻሽ አስረው መጥተው መታጠቢያው ላይ ጋደም ብለዋል። ከቦርሳቸው ባለ ቅጠል ጠርሙስ አወጡ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በሰው ሻንጣ የላከችው ነው።

አጣቢዋ አፈሰሰች፣ አሸች፣ አለቀለቀች። በመዳፏ ፀጉሩን ጨበጥ አድርጋ አየችው፤ ውሃው ከላይ እንደ ዶቃ ተንጠባጠበ እንጂ አልገባም።

«እትዬ፣ ይሄ ቅቤ አያነሳም።»

«ምነው? ከአሜሪካ የመጣ እኮ ነው፤ ውድ ነው አለችኝ።»

«ሰልፌት የለውም ይላል ይሄው። ለደረቅ ፀጉር ነው። ቅቤ በሱ አይለቅም።»

ጎንበስ ብላ ከመታጠቢያው ሥር ጀሪካን ጎተተች። የቤቱ ሻምፖ ነው፤ አርማ የለው፣ ሥዕል የለው። ሁለት ጊዜ ደጋግማ አሸችበት፤ ቅቤው ከአረፋው ጋር ቢጫ ሆኖ ወረደ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ስሚ እንጂ፣ ታጥበሽበት ፎቶ ላኪልኝ ብላኛለች።»

«ታዲያ ይላኩላታ፣ እትዬ።»

«እሺ፤ ሻሹን አንሺልኝና እዚህ ብርሃን ጋ ላምጣው ፊቴን። ስልኩን እንኪ። ጠርሙሱን እይዛለሁ፤ ጀሪካኑ እንዳይገባ።»